የዘለልሁት ቤት

ሰው ሲያረጅ ዐይኑ ይከዳዋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል። እኔን ሁሉም በየተራ ከድተውኝ ምላሴ ብቻ ታማኝ ሆና ቀርታለች። እሷ ደግሞ መናገር በነበረባት ቀን ዝም አለች፣ ዝም ማለት በነበረባት ቀን ተናገረች። የምጽፈው የእነዚያን የሁለት ቀኖች ነገር ነው።

በእኛ ቤተሰብ ዘር ቆጣሪው እኔ ነኝ። ጋብቻ ሲታሰብ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ወንዱና ሴቲቱ ሰባተኛው ቤት ሳይደርስ አንድ አያት ላይ ከተገናኙ ዘመዳሞች ናቸውና ነገሩ ይቀራል። ባሕር ዳር ካሉት ዘመዶቼ ሁሉ ይህን ቆጠራ እንደ እኔ አሳምሮ የሚያወርደው የለም። ከአባት ወደ አያት፣ ከአያት ወደ ቅድመ አያት፣ ከዚያ ወደ ምንጅላት እያልሁ ስወርድ ሽማግሌዎቹ እህል ማላመጥ ይረሳሉ። ስም ሲጠፋኝ ከራሴ የፈጠርሁበትም ጊዜ አለ። ማን ከመቃብር ተነሥቶ «እኔ እንዲህ አልባልም» ይለኛል? በዚያ ላይ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ባዮሎጂ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። የአተሩን ውርስ በጠመኔ፣ የሰውን ውርስ በጠጅ ሳስረዳ ነው ዕድሜዬ ያለቀው።

አንዲት ልጅ ናት ያለችኝ። እናቷ ካረፈች በኋላ እሷና እኔ ስንቀላለድ፣ ስንሰዳደብ ኖርን። ታዲያ አንድ ቀን «አባዬ፣ ላገባ ነው» አለችኝ። ልጁ ከሐይቁ ማዶ፣ ከደልጊ የመጣ፣ እዚህ ከተማ በአንድ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ጸጥ ያለ ነው። እኔ ቀልድ ስናገር ትንሽ ቆይቶ፣ ሌላው ሰው ሥቆ ሲጨርስ ነው የሚሥቀው። ወደድሁት። ለአንድ ቀልድ ሁለት ጊዜ ሣቅ የሚያመጣልኝ ሰው ከየት አገኛለሁ?

የቆጠራው ዕለት እሑድ ነበር። ከልጁ ወገን እናቱና አንድ አጎቱ ሐይቁን ተሻግረው መጡ። እኔ የልጄን ወገን አወረድሁ፤ እንደ ልማዴ አጨበጨቡልኝ ማለት ይቻላል። ከዚያ አጎትዬው ጀመረ። የልጁን አባት ወገን ጨርሶ ወደ እናቱ ተሻገረ። የእናቱን እናት ስም ጠራ፣ ያደገችበትን ቀዬ ጠራ፣ የአባቷ ነው ያለውን ስም ጠራ።

ብርሌዬን መሬት አስቀመጥሁ።

ያ የጠራው ሰው የሴትዮዋ አባት አይደለም፤ አጎቷ ነው። ይህን የማውቅ በሕይወት የቀረሁ እኔ ብቻ ነበርሁ። አያቴ በጉልማሳነቱ ከዘጌ ጌሾና ቡና በታንኳ እየጫነ ደልጊ ይሸጥ ነበር። እዚያ ከአንዲት ሴት ልጅ ወለደ። ልጂቱን የእናቷ ወንድም በስሙ አሳደጋት። አያቴ ኋላ ላይ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ፣ ነጠላ አጣፊ፣ መካሪ ሽማግሌ ሆነ። ቤተሰቡ እስከ ዛሬ የሚምለው በእሱ ስም ነው። አባቴ ታሞ ሳለ ብቻ፣ ውኃ እያቀበልሁት፣ «ደልጊ እኅት ነበረችኝ። ሄጄ አላየኋትም» አለኝ። ስሟን ነገረኝ፣ ቀዬዋን ነገረኝ። ያ አጎትዬው አሁን የጠራው ስምና ቀዬ ነው።

ስለዚህ የልጁ እናት፣ ያቺ ከፊቴ ቁጭ ብላ ጠጅ የምትቀዳልኝ ሴት፣ የአክስቴ ልጅ ናት። ልጄና ልጇ አንድ ቅድመ አያት አላቸው። ሦስተኛው ቤት ላይ ይገናኛሉ ማለት ነው። ሰባት የተባለው ሦስት ሆኖ ተገኘ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «እህሳ መምህር?» አለ አጎትዬው፤ «የሚገናኝ አለ?»

ልጄ ከጓዳው በር ላይ ቆማለች። ዐይኗን አየሁት። ከዚያ አያቴን አሰብሁት፤ በስሙ የሚምሉትን ሁሉ አሰብሁ። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ራሴንም አሰብሁ። «ያ ቆጣሪ ሆዬ በራሱ ልጅ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አወጣ» ሲባል ታየኝ።

«የለም። እንደ ሰማይና እንደ ምድር የተራራቁ ናቸው!» አልሁ። እልልታው ቀለጠ።

ኅሊና ግን ቁጭ ብሎ አያስቀምጥም። ያን ዕለት ማታ አንድ አሮጌ የፈተና ወረቀት ገልብጬ፣ የሚወለደው ልጅ አንዱን የአያቴን ዘር ከሁለቱም በኩል የሚወርስበትን ዕድል ማስላት ጀመርሁ። ከእኔ ግማሽ፣ ከአባቴ ግማሽ፣ ከአያቴ ግማሽ፤ በወዲያም በኩል እንዲሁ፤ ለሚወለደው ደግሞ አንድ ግማሽ። ሲባዛ አንድ ከመቶ ሃያ ስምንት መጣልኝ። «ለዚህች ፍርፋሪ ሠርግ አይፈርስም» ብዬ ወረቀቱን ቀደድሁት። የአባቶች ቆጠራ ደግሞ የድሮ ሰው ነገር ነው፣ እኔ የተማርሁ ሰው ነኝ አልሁ። ስንቱን ተማሪ «በሁለቱም ወላጅ ውስጥ ተደብቆ የኖረ ባሕርይ በልጅ ላይ ይወጣል» እያልሁ በቃል ያስጠናሁት እኔ! በአተር ላይ እንጂ በሰው ላይ የሚደርስ አልመሰለኝም ነበር።

ተጋቡ። ሹም አቦ ሰፈር ቤት ተከራይተው ገቡ። በዓመቱ ሴት ልጅ ተወለደች።

አዋላጇ የሕፃኗን ጭንቅላት ዙሪያ በሜትር ለካች። ቀና ብላ እናቷን አየች። እንደገና ለካች። እኔ ለልጅ ልጄ ሦስት ቆብ ይዤ ሄጄ ነበር፤ ሦስቱም በየተራ ዐይኗ ላይ ወደቁ። «ቆቡ ነው የተሳሳተው» ብዬ ቀለድሁ። አማቼ ቆይቶም አልሣቀም።

ልጅቱ ጡት ትጠባለች፣ ትተኛለች፣ ሲሥቁላት ትሥቃለች። ግንባሯ ግን ወደ ኋላ ያዘነበለ፣ ራሷ የጡጫ ያህል ነው። ሌሎች ልጆች በሚቀመጡበት ጊዜ አልተቀመጠችም። ጎረቤት መጠየቅ ጀመረ። እኔም አዋቂ ነኝና መለስሁ፤ «የራስ ቅሏ ቀድሞ ገጥሞ ነው፣ አንጎሏን አላሳድገው አለ» እላለሁ። ማን ጠየቀህ በሉኝ።

አንድ ቀን የአማቼ እናት ከደልጊ ልጅቱን ልታሳድግ መጥታ፣ ሁላችንም ቁጭ ብለን ሳለን ልጄ እንዲያው በሐሳብ ጠየቀች፤ «ምን አድርጌ ይሆን?»

ዝም ማለት ይገባኝ የነበረው ያኔ ነው። ነገር ግን ዝም ካልሁ ሌላ ሰው መልሱን ፈልጎ ወደ እኔ የሚመጣ መሰለኝ። ፈራሁ። እየሣቅሁ፣ «ሁዳዴን እኮ ምንም ሳታስቀሪ ጾመሻል። አንጎል የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ አንቺ በሽሮ ልትሠሪው ነበር!» አልኋት።

ቀልድ ነበር። ልጄ ግን አልሣቀችም። ማርገዟን ሳታውቅ ጾም ጀምራ፣ ካወቀችም በኋላ የንስሐ አባቷ «ጾሙን ፍቺ» እያሏት እምቢ ብላ ነው የጨረሰችው። ያቺ የእኔ ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱ እውነት ሆነች። የአማቼ እናት ለመጣ ለሄደው «ጾሙ ነው እኮ የጎዳት፣ መምህር ራሳቸው ብለዋል» ትላለች። ልጄ መጾም ተወች። ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተወች። ቀጥሎ መተኛት ተወች። ቀንም ማታም የልጅቱ አልጋ አጠገብ ቁጭ ብላ ታድራለች፣ ትውላለች።

ልጅቱ ሦስተኛ ዓመቷን ስትይዝ አንዲት የሕፃናት ሐኪም የሦስቱንም ደም አስወስዳ ወደ ውጭ አገር አስላከች። ብዙ ጠብቀን ውጤቱ መጣ ተባለና ተጠራን። እኔም ሄድሁ። ባዮሎጂ የሚገባኝ እኔ ነኝ፣ ላስተርጉም ብዬ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ገና ሳትጀምር፣ «የራስ ቅሏ ቀድሞ ገጥሞ ነው አይደል?» አልኋት።

«አይ፣ አባባ» አለችኝ፤ «ራስ ቅል አንጎልን ተከትሎ ነው የሚያድገው። አንጎሉ ነው ያነሰ።»

እንደ ተማሪ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥሁ።

«ጽንስ ገና ጥቂት ሳምንት ሲሆነው» አለች ለልጄና ለአማቼ፤ «አንጎል ተብሎ የሚቆጠር ነገር የለም። ያሉት ስቴም ሴሎች ናቸው፤ የአንጎል እናቶች በሏቸው። የመጀመሪያ ሥራቸው መብዛት ነው። አንዷ ለሁለት ትከፈላለች፣ ሁለቱም እናት ይሆናሉ፣ እነሱም ይከፈላሉ። በሚበቃ መጠን ከበዙ በኋላ ነው አንዷ ስትከፈል አንደኛዋ እናት ሆና እየቀረች ሌላዋ የነርቭ ሴል የምትሆነው። መቼ ይብዙ፣ መቼ የነርቭ ሴል ማውጣት ይጀምሩ የሚለውን የሚያዙት ጂኖች ናቸው። የልጃችሁ አንዱ ጂን ትእዛዙን አያደርስም። እናቶቹ ገና ሳይበዙ ቀድመው የነርቭ ሴል ሆኑና አለቁ። ስለዚህ የተሠራው አንጎል ቅርጹን የያዘ ግን ትንሽ ሆነ።»

ልጄ፣ «ጂኑን ምን አበላሸው?» አለች።

«ተበላሽቶ ነው የተወረሰው። ሁለታችሁም አንድ ደኅና፣ አንድ የተበላሸ ይዛችኋል። ደኅናው ብቻውን ስለሚበቃ እናንተ ምንም አልሆናችሁም። እሷ ከሁለታችሁም የተበላሸውን ወሰደች።» ወረቀቱን ገለበጠች። «ስሕተቱ ደግሞ በሁለታችሁም አንድ ዓይነት፣ አንድ ቦታ ላይ ነው። ዘመዳሞች ናችሁ?»

አማቼ ወዲያው መለሰ፤ በሕይወቱ እንዲያ ፈጥኖ ሲመልስ አይቼው አላውቅም። «ኧረ በፍጹም! ሰባት ቤት ተቆጥሯል። እንዲያውም የቆጠሩት እሳቸው ናቸው» ብሎ በኩራት ወደ እኔ ጠቆመ።

ሐኪሟ አየችኝ። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ሥዕል እንደማነብ ሆንሁ። «አጋጣሚ ይሆናል» አልሁ ለሥዕሉ።

ባጃጅ ውስጥ ልጄ ልጇን አቅፋ፣ «ሐኪሟ ልታጽናናኝ ነው» አለች። «ዘመዳሞች ካልሆንን ከየት ይመጣል? እኔ ነኝ።»

እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ሰማኋት። ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ትከሻዬ ትከሻዋን ነካው።

ከዚያ በኋላ አንድ ወር ያህል ሳልነግራት ቆየሁ። ጠዋት ስነሣ «ዛሬ እነግራታለሁ» እላለሁ፤ ቁርስ ላይ «ከምሳ በኋላ» እላለሁ። ተማሪዎቼ የቤት ሥራ ሳይሠሩ ሲመጡ የሚያመጡትን ሰበብ ሁሉ ለራሴ አመጣሁ። ውሻ በላው ማለት ብቻ ነው የቀረኝ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጅቱን ይዘን ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን። ውኃ ስታይ እጇን ታርገበግባለች፤ ደስ ይላታል። ውኃው ዳር ከበቀለው ደንገል አጠገብ ተቀመጥን። ልጄ ሐይቁን እያየች፣ «አባዬ» አለች፤ «ሰው ስለ ኃጢአቱ ይጾማል። እኔ በልጄ አንጎል ላይ ጾምሁበት። ሁለተኛ ልጅ አልወልድም። ለእሱም ነግሬዋለሁ፤ ሌላ ያላበላሸች ፈልግ ብዬዋለሁ።»

የምላሴ ታማኝነት እዚያ ላይ አለቀ። ወዲያው ግን አልተናዘዝሁም፤ ድሮስ አስተማሪ መቼ ዋናውን ነገር ቀድሞ ይናገራል። «ያን ደንገል አየሽው?» አልኋት። «ሥሩ መጀመሪያ ጭቃው ውስጥ ወደ ጎን ይሰፋል። ሰፍቶ ሰፍቶ ነው ዘንጉን ወደ ላይ የሚያወጣው። ሳይሰፋ ቢያወጣ ጥቂት ዘንግ ይሆናል። ሐኪሟ ያለችሽ ይህን ነው። መቼ ስፋ፣ መቼ ዘንግ አውጣ የሚለው ትእዛዝ ከሽሮ አይመጣም። ከወላጅ ነው የሚመጣ።»

«ከየትኛው ወላጅ? ተቆጥሯል እኮ!»

«ቆጥሬው ዘለልሁት።»

አልገባትም። ደግሜ ነገርኋት። ስለ አያቴ ታንኳ፣ ስለ ደልጊዋ ሴት፣ ስለ አባቴ ነገርኋት። «ባልሽና አንቺ ቅድመ አያታችሁ አንድ ነው። ሦስት ቤት ነው። ያን እሑድ ዐውቄው ነበር።»

ልጅቱ የእናቷን ነጠላ ጫፍ አፏ ውስጥ ከታ ታኝካለች።

«ሽሮው ነው ያልኸኝስ?» አለች በመጨረሻ።

«ወደ እኔ እንዳይመጣ ነው።»

«ሁለት ዓመት!»

«ዐውቃለሁ።»

ከዚያ አንድ ነገር ልናገር አሰብሁ፤ ብናገረው ይቀለኛል ብዬ። «ያን ዕለት ተናግሬ ቢሆን እኮ ይህች ልጅ አትኖርም ነበር» አልኋት።

ፊቷን ወደ እኔ መለሰች። «ይህን ማለት የእኔና የአባቷ ነው» አለች። «የእርስዎ አይደለም።»

ከተወለደች ጀምሮ አንተ እያለች፣ ሲብስም «አንተ ሽማግሌ» እያለች ያሳደግኋት ልጅ ናት። ስንቱ አባት ልጁ አንቱ ትለው ዘንድ ይመኛል! እኔ የደረሰኝ እንዲህ ሆኖ ነው።

«ይነሡ» አለች። «ቤት ገብተው ለአማቴ ይነግሯታል። ዛሬውኑ።»

«ልጄ፣ የእናቷ ነውር እኮ ነው። አባት የሌላት ናት ብዬ...»

«ይነሡ።»

የአማቼ እናት ሹም አቦ ባለው ቤታቸው ደጃፍ ላይ ምስር ትለቅም ነበር። ልጄ እንደ ፖሊስ ከኋላዬ ቆመች። እኔም ቁሜ፣ ባርኔጣዬን ይዤ፣ ያስተማርሁትን ትምህርት ሁሉ ረስቼ፣ እንደ ወደቀ ተማሪ ተንተባትቤ ነገርኋት። እናቷ የማን ልጅ እንደነበረች ነገርኋት። ጾሙ ምንም እንዳላደረገ፣ እኔ ከፍርሃት እንዳመጣሁት ነገርኋት። እሷ ስትሰማኝ እጇ ምስሩ ውስጥ ቀረ።

ትጮኽብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። «ማን ነበር ስሙ?» አለችኝ።

የአያቴን ስም ነገርኋት። አፏን ከፍታ ቀስ ብላ ደገመችው። የእናቷን ስም ከፊቱ አድርጋ አንድ ላይ ጠራችው፣ እንደገና ጠራችው። «እናቴ እስክትሞት የአጎቷን ስም ይዛ ነው የኖረች» አለች። «በልጅነቷ ሲሰድቧት ትመለስና እናቷን ትጠይቃት ነበር አሉ። አባቴ ማን ነው ስትላት፣ ሐይቁ ነው ትላታለች።» እንባዋን በቀሚሷ ጠረገች። እኔ ነውር ነው ብዬ የሸሸግሁትን እሷ እንደ ስጦታ ተቀበለችው። በዚህም አፈርሁ። ሰው በምን እንደሚያፍርም ተሳስቼ ኖሬአለሁ።

ከዚያ ነው ቁጣው የመጣ። «አንተ!» አለች ተነሥታ፤ ምስሩ ከሰፌዱ ተበተነ። «ያን ዕለት እኮ ጠጅ ስቀዳልህ ነበር! ዐይን ዐይኔን እያየህ ጠጣህ! ይህቺን ልጅህን እኔ በአፌ ስገድላት ሁለት ዓመት ሙሉ ሰማኸኝ!» ወደ ልጄ ዞረች። እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል ልጄ በሁለት እጇ ያዘቻት። ሁለቱም ተቃቅፈው ቆሙ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እኔ ጎንበስ ብዬ ምስር መልቀም ጀመርሁ። የሚሠራ እጅ ያስፈልገኝ ነበር።

አማቼ ከሥራ ሲመለስ ሚስቱ ነገረችው። እኔን አልተናገረኝም። ቆይቶ ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ፤ እንደ ሣቁ። እስካሁን አልተናገረም። ለሚስቱ ግን «ሐኪሟ ዘንድ እንሂድ። ከእንግዲህ ያለውን ሁለታችን ጠይቀን እንወስናለን» አላት። ከእንግዲህ በሚመጣ በእያንዳንዱ ልጅ ላይ ይኸው ሕመም የመድረሱ ዕድል ከአራት አንድ እጅ እንደሆነ እኔ ዐውቄዋለሁ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ሥዬዋለሁ። አልተናገርሁም፤ የሚሰሙት ከእኔ አልነበረም።

ጂኑን ያኖርሁት እኔ አይደለሁም። አያቴም አላወቀው፣ ከእሱም በፊት ማን እንደተሸከመው እግዜር ይወቅ። ሐኪሟ በኋላ «በዚህ ማንም ጥፋተኛ አይደለም» ብላኛለች፤ ደግ ልጅ ናት። እኔ ግን ሐኪሟ የማትመረምረውን ዐውቃለሁ። ዝምታዬን ከማንም አልወረስሁትም።

በሦስተኛው ቀን ልብሴን ለባብሼ ይቅርታ ልጠይቅ ወደ ሹም አቦ ሄድሁ። በር የከፈተችልኝ የአማቼ እናት ናት። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ወደ ውስጥ አመለከተችኝ። ልጄ ሶፋው ላይ ተኝታለች። ልጅቱ ደረቷ ላይ ናት። ሁለቱም አፋቸውን ከፍተዋል። በጠራራ ፀሐይ፣ ቤቱ በር ክፍት ሆኖ፣ ጎረቤት ራዲዮ ከፍቶ፣ እንደ ድንጋይ ተኝታለች። ልጄን እንዲህ ተኝታ ካየኋት ሁለት ዓመት አልፏል።

ያዘጋጀሁትን ንግግር ልጀምር አፌን ስከፍት ሴትዮዋ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«ወንድሜ» አለችኝ በሹክሹክታ፤ «አንድ ቃል ብትተነፍስ እገድልሃለሁ። ጫማህ ይንቋቋል፤ አውልቀህ በእጅህ ያዝና ውጣ።»

አወለቅሁ። ካልሲዬ ጣቱ ላይ የተቀደደ ነበር። በሹም አቦ ጎዳና፣ የሱቁ ሰው፣ የባጃጅ ነጂው፣ ሁሉም እያየኝ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ እስከ ማዕዘኑ ድረስ ሄድሁ። «ምነው መምህር?» አለኝ ባለሱቁ።

«ልጄ ተኝታለች» አልሁት።